አቧራው ዛሬ፣ ሕመሙ ከ40 ዓመት በኋላ፦ ስለ ሜሶቴሊዮማ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይህን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ለፕሮጀክት ክትትል በተላክሁበት በአንድ የከተማ ደብር ያየሁት ነገር ነው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ያረጀውን የእቃ ቤት ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ለመተካት ወስኖ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ለሠራተኛ የሚወጣውን ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተጠርተው፣ ግራጫ መልክ ያለውን ወፍራም የጣሪያ ክዳን በመዶሻ እየሰበሩ ወደ መሬት ይጥሉታል። ታናናሾቻቸው ደግሞ ስብርባሪውን እየለቀሙ የግቢውን ጭቃ ይደለድሉበታል። ፀጉራቸውና ልብሳቸው በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ነበር። ክዳኑ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ሊሆን እንደሚችል ገልጬ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ብለምን፣ አንድ አረጋዊ የጉባኤው አባል በትሕትና ነገር ግን በጥብቅ ቃል፣ «ልጄ ዲያቆን፣ ይህ ጣሪያ ይህን ሁሉ ዘመን በላያችን ሲኖር ማንን ገደለ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። በችኮላ የሚመለስም አይደለም። እንዲያውም ከዚህ በታች የሚቀርበው ትምህርት በሙሉ ለእኒህ አባት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል።

1. በሽታው ምንድን ነው?

ሳንባችንን፣ የሆድ ዕቃችንንና ልባችንን ከውጭ በኩል የሚሸፍን እጅግ ስስ የሆነ ልባስ አለ። የካባ ገበር ካባውን ከውስጥ እንደሚያለሰልሰው ሁሉ፣ ይህም ልባስ የውስጥ አካላት ሳይፋተጉና ሳይቆስሉ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋል። ሳንባን የሚሸፍነው ልባስ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ጥቂት ፈሳሽ ስላለ በተነፈስን ቁጥር ሳንባው ያለ ሕመም ይሰፋል፣ ይጠባል። ሜሶቴሊዮማ ከዚህ ልባስ የሚነሣ ካንሰር ነው። ከአምስት ሕሙማን በአራቱ ገደማ ላይ የሚነሣው ከሳንባ ሽፋን ሲሆን፣ ከቀሩት መካከል አብዛኛው ከሆድ ዕቃ ሽፋን ይነሣል። በልብ ሽፋን ላይ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ሜሶቴሊዮማ ከሳንባ ካንሰር የተለየ በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ከሳንባው ሥጋ ውስጥ ይነሣል፤ ሜሶቴሊዮማ ግን ሳንባውን ከውጭ እንደ ቅርፊት ይከብበውና ትንፋሽ ይነሣዋል። በሽታው በጥቂቱ የሚታይ ነው፤ በዓለም ሁሉ በዓመት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሚያዙበት ይገመታል። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም ልናውቀው የሚገባን በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛ፣ መንስኤው በአብዛኛው የታወቀና ልንከላከለው የምንችለው ነው፤ ሁለተኛ፣ ከብዙ የተለመዱ ሕመሞች ጋር ስለሚመሳሰል ሕሙማኑ ሳይታወቁ ሊያልፉ ይችላሉ።

በዚህ አጋጣሚ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሜሶቴሊዮማ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጽዋውን የሚለይበት፣ መኝታውን የሚያርቅበት፣ ወይም በማኅበር ከወንድሞቹ ጋር እንዳይቀመጥ የሚያደርግበት አንዳች ምክንያት የለም።

2. መንስኤው፦ በዓይን የማይታይ ክር

ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ከምድር የሚቆፈር ማዕድን ሲሆን፣ ከሌሎች ድንጋዮች የሚለየው እንደ ጥጥ ወደ ክር የሚፈተል መሆኑ ነው። እሳት አይበላውም፣ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለሆነም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጣሪያ ክዳን፣ ለውኃ ቧንቧ፣ ለማሞቂያ ጋን መሸፈኛ፣ ለመርከብ ሥራ፣ ለመኪና ፍሬን ሸራና ለሌላም ብዙ ነገር ዋለ። ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራው የጣሪያ ክዳን በብዙ አገር የሚታወቀው «ኢተርኒት» በሚለው የንግድ ስሙ ነው።

አስቤስቶስ በተሰበረ፣ በተሰነጠቀ ወይም በተፋቀ ጊዜ ክሩ ደግሞ ደጋግሞ እየተሰነጠቀ በዓይን ወደማይታይ ብናኝ ይለወጣል። ብናኙ ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሽፋኑ ይደርሳል። ሰውነት ይህን ክር ሊያሟሟው አይችልም፣ ሁሉንም ጠርጎ ሊያስወጣውም አይችልም። በዚያው ተሰክቶ ሲያስቆጣና ሲያቆስል ዓመታት ያልፋሉ፤ በመጨረሻም የሽፋኑ ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ስተው ያለ ልክ መባዛት ይጀምራሉ። ብናኙ ከገባበት ቀን ጀምሮ በሽታው እስከሚገለጥበት ቀን ድረስ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ይፈጃል።

የዓለም የጤና ድርጅት ማንኛውም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑን አረጋግጧል። ከዚህ ብናኝ ምን ያህሉ ጉዳት አያመጣም ተብሎ የተወሰነ መጠን የለም። ይሁን እንጂ አደጋው እንደ ብናኙ ብዛትና እንደ ቆይታው ርዝመት ስለሚጨምር፣ ለአንድ ቀን የተነፈሰ ሰው በእርግጥ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ አይታመሙም። ሲጋራ ማጨስ ሜሶቴሊዮማን አያመጣም፤ ነገር ግን አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው ሲያጨስ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

3. ከኪምበርሊ የተገኘ ትምህርት

ይህ እውነት ለዓለም የተገለጠው በአህጉራችን በአፍሪካ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በኪምበርሊ ከተማ በሚገኝ የቲቢ ሆስፒታል ስሌግስ የተባለ ሐኪም አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በሳንባ ሽፋናቸው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የቲቢ መድኃኒት ከሚሰጣቸው ሕሙማን መካከል፣ ከከተማው በስተ ምሥራቅ የመጡት ይድናሉ፤ በስተ ምዕራብ ካለው አገር የመጡት ግን መድኃኒቱ አይረዳቸውም። በስተ ምዕራብ ያለው አገር ሰማያዊ አስቤስቶስ የሚቆፈርበት ተራራማ ምድር ነበር።

ስሌግስና ማርሻን የተባለ ሌላ ሐኪም በጆሃንስበርግ ከሚሠራው የሕመም ናሙና መርማሪ ከዋግነር ጋር ሆነው ሕሙማኑን አንድ በአንድ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጥናት 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ አቀረቡ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከዚያ የአስቤስቶስ ምድር ወይም ከአስቤስቶስ ሥራ ጋር ግንኙነት እንደ ነበራቸው ታወቀ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም። በሕፃንነታቸው በማዕድኑ አካባቢ የኖሩ፣ አቧራውን እየተነፈሱ ያደጉ፣ ከዚያም አካባቢውን ለቀው በሌላ ሥራ የኖሩና ነገሩን ፈጽመው የረሱ ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ እናስተውል። እነዚያን ሐኪሞች ወደ እውነቱ የመራቸው አዲስ መሣሪያ አልነበረም፤ «የት ተወለድህ? የት አደግህ? ምን ሠራህ?» የሚል ቀላል ጥያቄ ነበር። ደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ማለትም ጥናቱ ከታተመ ከ48 ዓመት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰሜን ምዕራብ ግሪክ በፒንዶስ ተራሮች ላይ ካለችው የኦርቶዶክሳውያን መንደር ከሜትሶቮ ነው። በዚያች መንደር የማዕድን ጉድጓድም ፋብሪካም አልነበረም። ሕዝቡ ቤቱን የሚቀባው ከአካባቢው በሚቆፈር «ሉቶ» በሚባል ነጭ አፈር ነበር፤ አፈሩ በተፈጥሮው አስቤስቶስ አለበት። ቤትን ማሳመር በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ባለማወቅ የተቀባው አፈር በብዙዎች ሳንባ ሽፋን ላይ ጠባሳ ጥሎ፣ በጥቂቶችም ላይ ሜሶቴሊዮማን አመጣ። ሕዝቡ ያን አፈር እየተወ በሌላ ቀለም ሲጠቀም ከብዙ ዓመታት በኋላ በሽታውም እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ የምንማረው፣ አንድ መንደር ልማዱን በመለወጡ ብቻ የልጆቹን ትንፋሽ ሊያድን እንደሚችል ነው።

4. ምልክቶቹ

የሳንባ ሽፋን ሜሶቴሊዮማ ምልክቶች ቀስ በቀስ የሚመጡ ናቸው፤

• ዳገት ሲወጡ፣ በኋላም በተቀመጡበት የሚሰማ የትንፋሽ ማጠር፤
• በአንድ ጎን ደረት ወይም ትከሻ ላይ የሚቆይ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፤
• የማይለቅ ደረቅ ሳል፤
• ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ መጥላት፣ ብርቱ ድካም፤
• አንዳንድ ጊዜም ትኩሳትና የሌሊት ላብ።

በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲሆን ሆድ በውኃ ይነፋል፣ ያማል፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ የአንጀት ሥራም ይዛባል።

እነዚህ ምልክቶች በብዙ ሌሎች በሽታዎችም ላይ የሚታዩ ናቸው። በተለይ በአገራችን በሳንባ ሽፋን ውስጥ ውኃ ሲገኝ ሐኪሙ አስቀድሞ ስለ ቲቢ ማሰቡ ትክክል ነው፤ ቲቢ እጅግ የበዛ፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነውና። ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታዘዘለትን የቲቢ መድኃኒት እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱን በሥርዐቱ እየወሰደ ሳምንታት አልፈው ለውጥ ያላየ፣ ወይም ውኃው ከተቀዳለት በኋላ ደጋግሞ የሚመለስበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወደ ሐኪሙ ይመለስና ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቅ። ያን ጊዜም የቀድሞ ሥራውንና የኖረበትን ስፍራ ሳይጠየቅ ራሱ ይንገር። የኪምበርሊ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

5. ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይካሄዳል?

መጀመሪያው የሕይወት ታሪክ ነው። ሕመምተኛው በሕንፃ ማፍረስ፣ በቧንቧ ሥራ፣ በማሞቂያ ጋን ጥገና፣ በመርከብ ወይም በወደብ፣ በጋራዥ የፍሬን ሸራ በመቀየር ሠርቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ወደ ዓረብ አገርም ሆነ ወደ ሌላ አገር ሄደው በአሮጌ ሕንፃዎች እድሳት ላይ የሠሩ ወንድሞች ይህን ሊያስታውሱ ይገባል። የሠራተኛውን ልብስ ስታራግፍና ስታጥብ የኖረች ሚስት ወይም እናትም ያው ብናኝ ደርሷት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሴቶችን «አንቺ የት ሠራሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ በቂ አይደለም፤ «ባልሽ፣ አባትሽ ምን ይሠሩ ነበር?» ተብሎም ይጠየቃል።

ቀጥሎ ራጅና አልትራሳውንድ ይታዘዛል፤ እነርሱም ውኃ መኖሩን ያሳያሉ። ሐኪሙ በመርፌ ከውኃው ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህ ለሕመምተኛው ትንፋሽ እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን በውኃው ውስጥ ሜሶቴሊዮማን በእርግጠኝነት ማግኘት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ስለዚህ የውኃው ውጤት «ካንሰር አልተገኘም» ቢልም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ሲቲ ስካን የሽፋኑን መወፈርና የበሽታውን ስፋት ያሳያል።

ፍርዱን የሚሰጠው ከሽፋኑ ራሱ የሚወሰደው ናሙና፣ ማለትም ባዮፕሲ ነው። ናሙናው በሲቲ ስካን እየታየ በመርፌ፣ ወይም በደረት ላይ በሚደረግ ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ይወሰዳል። የናሙና መርማሪው በልዩ ቀለሞች እየፈተነ በሽታው ከሳንባ ካንሰር የተለየ መሆኑንና ከሦስቱ ዓይነቶች የትኛው እንደ ሆነ ይወስናል። «ኤፒቴሊዮይድ» የሚባለው በብዛት የሚታየውና ለሕክምና የተሻለ ምላሽ የሚሰጠው ነው፤ «ሳርኮማቶይድ» የሚባለው ጽኑ ነው፤ ሦስተኛው የሁለቱ ቅይጥ ነው። በመጨረሻም በሽታው የደረሰበት ደረጃ ከ1 እስከ 4 ባለው ቁጥር ይገለጣል።

በእኛ ምእመናን ዘንድ «ካንሰር በብረት ከተነካ ይሰራጫል» የሚል ፍርሃት ስላለ ብዙዎች ናሙናውን ይሸሻሉ። ያለ ናሙና ግን ሐኪሙ የትኛውን መድኃኒት እንደሚያዝ አያውቅም። ይህን ፍርሃት ለማስወገድ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የንስሐ አባት ቃል የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው።

6. ሕክምናው ምን ሊሰጥ ይችላል?

እውነቱን እንናገር፤ ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው ፈጽሞ የሚድን በሽታ አይደለም። ሕክምናው ዕድሜን ያራዝማል፣ ሥቃይን ይቀንሳል፣ ትንፋሽን ያቃልላል።

ቀዶ ሕክምና በሽታው ገና ሳይሰፋ ለተገኘባቸው ለተመረጡ ጥቂቶች የሚታሰብ ነው፤ የጥቅሙም መጠን በሐኪሞች ዘንድ እያከራከረ ያለ ጉዳይ ነው። በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ለሚነሣው ግን በሽታውን ቀዶ አውጥቶ በሆድ ውስጥ የሞቀ የካንሰር መድኃኒት ማፍሰስ በልዩ ማእከላት ለአንዳንዶች ረጅም ዕድሜ ሰጥቷል።

በኬሞቴራፒ በኩል ሲስፕላቲንና ፔሜትሬክሰድ የተባሉት መድኃኒቶች በአንድነት ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ታላቅ ጥናት ሲስፕላቲን ብቻ ከተሰጣቸው ሕሙማን ግማሾቹ ወደ 9 ወር ሲቆዩ፣ ሁለቱም ከተሰጣቸው ግማሾቹ ከ12 ወር በላይ ቆይተዋል። ከመድኃኒቱ ጋር ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ 12 መውሰድ ጉዳቱን ስለሚቀንስ ሕመምተኛው ይህን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ እንዳይተወው ያስፈልጋል። ከዚህም በኋላ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚያነቃቃው ኢሚውኖቴራፒ መጣ፤ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉት በአንድነት ሲሰጡ ይኸው የግማሾቹ የዕድሜ ልክ ከ14 ወደ 18 ወር ከፍ ማለቱ ስለ ታወቀ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቀዱ። እነዚህ መድኃኒቶች ግን ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው።

የጨረር ሕክምና በተለይ የደረት ሕመምን ለማስታገስ ይረዳል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሰሉ ከተሞች በሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ተጀምሯል።

ደጋግሞ የሚጠራቀመውን ውኃ ለመከልከል ሐኪሞች ውኃውን ቀድተው በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የታልክ ዱቄት በመጨመር እንዲጣበቁ ያደርጋሉ፤ ወይም ቀጭን ቱቦ አኑረው በየጊዜው እንዲፈስ ያደርጋሉ። ለሥቃይ ሞርፊንን ጨምሮ ጠንካራ ማስታገሻ ይሰጣል። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ለሥቃይ ሲሰጥ ኃጢአትም ተስፋ መቁረጥም አይደለም። እንዲያውም በዝቅተኛ መጠን የትንፋሽ ማጠርን ጭንቀት ያቃልላል።

ቤተሰብ መሬቱን፣ ቤቱን ወይም በሬውን ሸጦ ሕመምተኛውን ወደ ውጭ አገር ለመውሰድ ከመወሰኑ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ሕክምና ምን ያህል ዕድሜ ይጨምራል? በዚያ ዕድሜ ውስጥ ሕመምተኛው በምን ሁኔታ ይኖራል? ይህንኑ በአገር ውስጥ ማግኘት አይቻልምን? እነዚህን ጥያቄዎች ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ መጠየቅ የንስሐ አባት አገልግሎት ነው።

7. የካህናት ድርሻ

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት የማይጋጩ መሆናቸውን በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ያው ትምህርት ለዚህም ሕመም ይሠራል። ሕመምተኛው ይጠመቅ፣ ይጸለይለት፣ ምሥጢረ ቀንዲል ይፈጸምለት፣ ይቍረብ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይውሰድ። በጸበል ስፍራ «መድኃኒቱን ጣል» የሚል ቃል ቢሰማ ካህኑ በግልጽ ይገሥጽ።

የሚከሳና በኬሞቴራፒ የሚደክም ሰው ምግብ ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም፤ ነገር ግን ብዙ አረጋውያን ያለ አበ ነፍሳቸው ፈቃድ ጾምን አይተዉም። ስለዚህ ካህኑ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይፍታቸው። በዋዜማው ከቤተሰብ ጋር ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ውርስና ስለ ዕርቅ መነጋገርም ያሻል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ለዝግጅት የሚሆን ጥቂት ወራት ይሰጣል፤ ያን ጊዜ በመደባበቅ ማባከን ሕመምተኛውን ብቻውን መተው ነው።

8. የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በመጀመሪያ መደናገጥ አያስፈልግም። በአብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናታችን ላይ ያለው ተራ ቆርቆሮ ብረት ነው፤ አስቤስቶስ የለበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግራጫ፣ ከቆርቆሮ ይልቅ ወፍራም፣ ሲመቱት እንደ ሸክላ የሚሰበር የሲሚንቶ ክዳን ወይም አሮጌ የሲሚንቶ ቧንቧ ነው። በዓይን አይቶ መወሰን ስለማይቻል፣ በላቦራቶሪ እስኪረጋገጥ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ይገባል።

ሀ) ክዳኑ ካልተሰበረና ካልተሸረፈ ባለበት ይቆይ። ያልተነካ ክዳን ብናኙን በሲሚንቶው ውስጥ አስሮ ይይዛል። አይበሳ፣ አይጋዝ፣ አይፋቅ።

ለ) መነሣት ካለበት አስቀድሞ የአካባቢው የአካባቢ ጥበቃና የሥራ ደኅንነት ባለሙያ ይማከር። ሕፃናትና ወጣቶች ፈጽሞ አይሰማሩ። ሥራው ሳይሰበር፣ ምስማሩ ተፈትቶ፣ ክዳኑ በሙሉ አካሉ በእጅ እየወረደ ይሁን።

ሐ) ሥራው ከመጀመሩ በፊትና በሥራው መካከል ክዳኑ በውኃ ይርጠብ፤ እርጥብ አቧራ አይበንንምና። በደረቁ መጥረግ ክልክል ነው።

መ) በነጠላ ወይም በጨርቅ አፍን መሸፈን አይበቃም፤ ለብናኝ የተሠራ፣ ፊት ላይ የሚገጥም የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። የሥራው ልብስ ወደ ቤት አይሂድ፤ ሠራተኛውም ታጥቦ ይሂድ።

ሠ) የተነሣው ክዳን በወፍራም ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ባለሥልጣኑ ወደሚያሳየው ስፍራ ይወሰድ። ለማድ ቤት፣ ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት ወይም ለግቢ መደልደያ ለምእመናን አይታደል፣ አይሸጥም።

ረ) ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ክዳን በስጦታ ሲመጣ ኮሚቴው ከመቀበሉ በፊት ከምን እንደ ተሠራ ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ ወጪ አለው። ወጣቶቹን በማሰማራት ሊቆጠብ የነበረው ገንዘብ በዚህ መንገድ ሊቆጠብ አይችልም። ኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ያዝዛል። ጣሪያን የሚመለከት ውሳኔ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን መጽሐፍ ራሱ አስቀድሞ ነግሮናል።

9. ለጉባኤ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በግቢያችን ውስጥ የሲሚንቶ ክዳን ወይም አሮጌ የሲሚንቶ ቧንቧ አለን? የተሰበረ ወይም የተሸረፈ አለን?
2. በአጥቢያችን በሕንፃ ማፍረስ፣ በጋራዥ ወይም በቧንቧ ሥራ የኖሩ ምእመናን እነማን ናቸው? ይህን ትምህርት በምን መንገድ እናደርስላቸዋለን?
3. በቤቱ የተኛ የካንሰር ሕመምተኛ አለን? መድኃኒቱን፣ ምግቡንና ጠያቂውን የሚያስተባብር ማን ተመድቧል?

ወደ አረጋዊው አባት ጥያቄ እንመለስ። «ይህ ጣሪያ ማንን ገደለ?» ላሉኝ በዚያን ቀን የመለስሁላቸው እንዲህ ነበር፦ «አባቴ፣ ጣሪያው ሳይሰበር በቆየበት ዘመን ምናልባት ማንንም አልጎዳም። ዛሬ ግን እየሰበርነው ነው። ዛሬ የሚተነፍሱት ልጆች ሕመሙ ቢያገኛቸው የሚያገኛቸው እኔም እርስዎም በሌለንበት ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ይህን ቀን የሚያስታውስ ማንም አይኖርም።» እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ ልጆቹን ከጣሪያው አወረዷቸው። ስብርባሪው በውኃ ረጥቦ፣ ተለቅሞ በፕላስቲክ ታሰረ፤ የቀረው ክዳን ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ባለበት ቆየ። ወጣቶቹም ልብሳቸውን ሳያራግፉ አውልቀው ታጠቡ። አንድ ቀን ስለ ተነፈሱ እንዳይሸበሩ፣ ነገር ግን ያን ቀን እንዳይረሱትና ወደፊት ሐኪም ሲጠይቃቸው እንዲናገሩ ተመከሩ።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ያደረገው ነገር እጅግ አስደሰተኝ። በደብሩ መዝገብ ላይ ሥራው የተካሄደበት ቀንና በሥራው የነበሩት ወጣቶች ስም እንዲጻፍ ወሰነ። የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በትውልድ መካከል እንደሚጠበቅ ሁሉ፣ ይህም አንድ ገጽ ከ40 ዓመት በኋላ ለአንድ ሐኪም ጥያቄ መልስ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ይህን ልማድ ቢይዝ መልካም ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።